በጥቁር ፊደል ላይ ቀይ እርማት

የካቲት 4፣ ሰኞ

በመጀመሪያ አንድ ወሬ ላስተካክል። ዛሬ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች፣ እኔ መሆኔን ሳያውቁ፣ ሲያሙኝ ሰማሁ። አሮጊቷ አራሚ ዓይኗ ጠፍቷል፤ መጽሐፏን የምትጽፍላት ልጇ ናት፤ ስለ ዓይን መጻፍ ያማራትም ለዚህ ነው ተባለ። ሦስቱም ስህተት ነው። ዓይኔ አልጠፋም። የግራውን ሞራ ሐኪሙ ከሁለት ዓመት በፊት አንስቶልኛል፤ በእሱ ያለ መነጽር ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባለሁ። የቀኙ ትንሽ መቆየት ይችላል። ልጄ ከእኔ ጋር ትኖራለች እንጂ አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። የእጅ ጽሕፈቷ ከጆንያ የፈሰሰ ጥራጥሬ ስለሚመስል፣ እጽፋለሁ ብትልም አላስነካትም ነበር።

ዘወር ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ተራዬ ደረሰ።

ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ አርሜያለሁ። በሰባ አራት ዓመቴ የራሴን ጻፍኩ። በመጽሐፌ ውስጥ ቀለም መለየት የማይችል ልብስ ሰፊ አለ። ዓለም ሁሉ አመድ ሆና ትታየዋለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ለሚወዳት ሴት ሲያለቅስ ቀይ ቀለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ስጽፈው እኔም አልቅሻለሁ። ለሳቅ ያህል ደግሞ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አንድ ዝርክርክ ፊደል ለቃሚ አስገብቻለሁ፤ በእኛ ዘመን የብረት ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሳጥን እየለቀመ ገጹን የሚያቆመው ሠራተኛ ማለት ነው።

አሳታሚው የመጨረሻውን ረቂቅ እስከ መጋቢት 16 ይፈልጋል። ካለፈ ለከርሞ ነው። በእኔ ዕድሜ ከርሞ በእርሳስ ነው የሚጻፈው።

የካቲት 8፣ ዓርብ

የአሳታሚው አዘጋጅ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሻይ ስትጠጣ ድምፅ አታሰማም። ሁለቱንም ወድጄላታለሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው፤ እንዳይቆጡ» አለች። እንዳትቆጪ የሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያስቆጣ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት።

በአሳታሚ ቤታቸው ደንብ አንድ ረቂቅ የደራሲው ስም ከላዩ ተነስቶለት ለአንድ አንባቢ ይሰጣል። የእኔን የሰጠችው ለአባቷ ነው፤ አባቷ ራሱ ቀለም ስለማይለይ። አንብቦ ሲጨርስ ስለ ልብስ ሰፊዬ የተናገረው አራት ቃል ነው። እንዲህ ያለ ሰው የለም።

ልብ ወለድ ነው እኮ አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ በትሕትና፣ ልብ ወለድም ቢሆን ልብስ ሰፊው ሁለት እጅ እንዳለው አስታወሰችኝ። ሦስት እጅ ቢኖረው ኖሮ ምክንያቱን ለአንባቢዎቼ እነግራቸው ነበር።

ሁለተኛ ሻይ አላቀረብኩላትም። ከሄደች በኋላ አፈርኩ። ጥፋቷ ሥራዋን መሥራቷ ነው።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

«ግራጫ» የሚለውን ቃል ቆጠርኩ። አርባ አንድ ጊዜ። «አመድ» አሥራ ስድስት።

የሌላ ደራሲ ቢሆን ከሦስተኛው በኋላ እየሰረዝኩ እሄድ ነበር።

አንድ ሰው ስለ ሁሉም መመስከር ይችላል? ዓይኑ ሌላ ሕመም ኖሮበት ቢሆንስ? ደግሞ አባቷ ነው፤ ልጁ ፊት ሊቅ መምሰል አምሮት ይሆናል።

ልጄ ሦስት ጊዜ ለምሳ ጠራችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሾርባው ቀዘቀዘ።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

የሰውዬው ማስታወሻ መጣ። ስድስት ገጽ ነው፣ በሰማያዊ ቀለም። መጀመሪያ ያየሁት ጽሑፉን ሳይሆን አቀማመጡን ነው። መስመሮቹ በክር የተወጠሩ ይመስላሉ፤ በግራም በቀኝም የተተወው ቦታ ከገጽ ገጽ አይዛነፍም። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ተናደድኩ።

የሚለው ይህ ነው። አመድ አላይም። ሰማዩ ለእኔም ሰማያዊ ነው፤ ሎሚም ቢጫ ነው። የሚምታቱብኝ ቀይና አረንጓዴ ናቸው፤ ቡናማ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይቀላቀልብኛል። ሐምራዊ የሚሉትን ሰማያዊ ብዬ ነው የማየው። ቀይ ለእኔ የጠፋ ቀለም ሳይሆን የጠቆረ ቀለም ነው። የመንገዱን መብራት የማውቀው በቦታው ነው፤ ከላይ ሲበራ እቆማለሁ፣ ከታች ሲበራ እሻገራለሁ።

ልብስ ሰፊዎ አበባ ባየ ቁጥር ይተክዛል ይላል። እኔ በአበባ ተክዤ አላውቅም፤ ሰው ኖሮት የማያውቀው ነገር አይናፍቀውም። የምተክዘው በካልሲ ነው። ልብስ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ክሩን በጥቅልሉ ላይ ባለው ቁጥር ይለያል፤ ቁጥር ከሌለው ሚስቱን ይጠይቃል፤ ሚስት ከሌለችው ደንበኛውን በወሬ ይዞ ቀለሙን ከአፉ ያወጣል። ይህን ሁሉ ያደርጋል፣ ማንም አያውቅበትም። በገጽ ስልሳ ላይ ልጅቷ ሻርፗን አንስታ ይህስ ምን ቀለም ነው ስትለው ልቡ ይነካል ተብሏል። አይነካም። ስለ ዓይኑ የሰማ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀዋልና ይሰለቸዋል። ደግሞም ይህ ነገር ከአባት ወደ ወንድ ልጅ አይወርድም፤ የሚመጣው በእናት በኩል ነው። የእኔ የመጣው ከእናቴ አባት ነው።

ስለ መጨረሻው ምዕራፍ አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፦ ዕንባ ይህን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ሽንኩርት ስከትፍ ድኜ ነበር።

አልሳቅሁም። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አንብባ ሳቀች። ወደ ክፍልሽ ሂጂ አልኳት። አምሳ ዓመቷ ነው።

የካቲት 17፣ እሑድ

ጠዋት መታጠቢያ ቤት ቆሜ የቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ፤ ቀጥሎ የግራውን። በግራው ግድግዳው ነጭ ነው። በቀኙ ያው ግድግዳ የከረመ ጋዜጣ ይመስላል። ደጋግሜ አደረግሁት። አንድ ግድግዳ፣ ሁለት ነጭ።

የግራውን ከመታከሜ በፊት ቀለም ቀቢ አስመጥቼ ይህንኑ ግድግዳ ሦስት ጊዜ አስቀብቼዋለሁ። ነጭ ብዬህ ቅቤ አመጣህብኝ አልኩት። ሰውዬው ከዚህ የነጣ ነጭ ፋብሪካውም አልሠራም ብሎ ምሎ ነበር። ሐሰተኛ አልኩት። በመጨረሻ ብሩሹን ጠቅልሎ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሐኪሙ የግራ ዓይኔን ፋሻ የፈታ ዕለት ከፊቴ ያለው ግድግዳ እንደ አዲስ አንሶላ በራ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ለብዙ ዓመት ሁሉን ነገር በቢጫ ብርጭቆ ውስጥ ሳይ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ብርጭቆው አልታየኝም። ግድግዳው ቢጫ ነው ብዬ እጄን አንስቼ እምል ነበር።

ይህን ለልጄ ስነግራት «ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቅሽው ታዲያ?» አለችኝ።

ሠፈር ለቋል አልኳት። አልለቀቀም። ከሁለት መንገድ ወዲያ ነው ቤቱ።

ልብስ ሰፊውን ማስተካከል ጀመርኩ። ግራጫዎቹን አወጣሁ። ከወጡ በኋላ ሰውዬው ራሱ አብሮ ወጣ፤ የቀረ ነገር የለውም። ሐዘኑ ብቻ ነበር ማለት ነው ውስጡ።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

አዘጋጇ አንድ ወረቀት ብቻ አመጣች። አባቷ ረቂቁን ሁለተኛ አንብቦ ይህን ጨምሯል። ቃል ለቃል እገለብጠዋለሁ፦

«ልብስ ሰፊውን ይተዉት። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ያለው ፊደል ለቃሚ ግን ልክ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቀለም የማይለየው ሰው እሱ ነው። ደራሲው ሳያውቁ በትክክል ጽፈውታል። የሌሎቹን አራሚዎች እርማት አንድም አይስትም፣ ኅዳግ ላይ ስለሚጽፉለት፤ ባዶ ቦታ ላይ ምልክት ካየ እርማት መሆኑን ያውቃል። ምዕራፉ ውስጥ ያለችው ሴት አራሚ ግን በቀጭን ቀይ ብዕር እዚያው ፊደሉ ላይ ነው የምታርመው። በጥቁር ፊደል ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ለእኔ ጥቁር ነው። አላየውም።»

አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። አዘጋጇ ምን ይመስልዎታል አለችኝ። ጥሩ አስተያየት ነው አልኩ።

ከሄደች በኋላ መስኮቱን ወለወልኩ። ንጹሕ ነበር።

የካቲት 21፣ ኀሙስ

ምዕራፍ ዘጠኝ ከየት መጣልዎት ብላ በስልክ ጠየቀችኝ። ፈጠርኩት አልኳት።

አልፈጠርኩትም።

አንድ ገጽ አልሠራሁም።

የካቲት 24፣ እሑድ

ከልጄ ጋር ሰው ቤት ልንሄድ ነበር። ራሴን አመመኝ አልኩና ቀረሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንግዲህ በቅጡ ልጻፈው።

በተማርኩበት ትምህርት ቤት ኅዳግ መንካት ክልክል ነበር። መምህራችን ኅዳግ የዓይን ማረፊያ እንጂ የእጅ መናኸሪያ አይደለም ትል ነበር። አንዲት ነጥብ ወደዚያ ያመለጠችው ልጅ ጣቶቿን ገጥማ ትዘረጋለች፤ ማስመሪያው በጠርዙ ይወርዳል። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የተመታሁት። ሦስተኛ አላስፈለገም። ማተሚያ ቤት ስገባ ሌሎቹ ሦስት አራሚዎች ከስህተቱ መስመር ስበው ኅዳጉን በምልክት ሲሞሉት አይቼ ወረቀቱን አቆሸሹት ብዬ ናቅኋቸው። የእኔ እርማት እንደ ጥልፍ ነበር። በጣም ቀጭን ብዕር፣ ቀይ፣ እዚያው ስህተቱ ላይ። ሁለት ነጥብ ሆኖ አራት ነጥብ መሆን ካለበት ሁለቱን ነጥብ እጨምራለሁ፤ እግሩ የጎደለ ፊደል ካለ እግሩን እቀጥልለታለሁ። ሠራተኞቹ እትዬ ቀይ ነጥብ ይሉኝ ነበር። እንዳልሰማሁ ሆኜ እኮራበት ነበር።

ከፊደል ለቃሚዎቹ አንዱን ንፋስ ይሉታል፤ እጁ ከፍጥነቱ የተነሳ ስለማይታይ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ሠላሳ ስምንት። እያፏጨ ይሠራል፣ ይጎርራል። የሦስቱን አራሚዎች ገጽ አስተካክሎ ሲመልስ እንከን አይገኝበትም። የእኔ ገጽ ግን እንደ ሄደ ይመለሳል። ከአሥር እርማት ስምንቱ አልተነካም። አንድ ጊዜ አለፍኩት። ሁለት ጊዜ አለፍኩት። በሦስተኛው ወረቀቱን ይዤ ሰው ሁሉ ባለበት ሄድኩና ይህን አላየህም ወይ አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየና «የቱ ጋ?» አለኝ።

ሰው ሳቀ። ጣቴን ቀይ ነጥቡ ላይ አሳረፍኩ። አጎንብሶ አየ፤ እሺ እትዬ ብሎ ሄደ።

ለሌሎቹ የሚጠነቀቅ፣ ለእኔ ብቻ የሚዝረከረክ ሰው ንቀት ካልሆነ ሌላ ምን ሊኖረው ይችላል ብዬ አሰብኩ። ለሥራ አስኪያጁ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቸልተኛ አልኩት። ንቀት ያለበት አልኩት። በሳምንቱ ከፊደል ሳጥኑ ተነስቶ ምድር ቤት ወደ ጥራዝ ክፍል ወረደ። ከዚያ በኋላ ፉጨቱን አልሰማሁም፤ ሰላም አገኘሁ ብዬም ለሰው አውርቻለሁ። በመጽሐፌም አሳቅሁበት።

ያኔ ያረምኩትን አንድ ወረቀት ለምሳሌ ይሆናል ብዬ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አሁን አወጣሁት። ቀዩ ከጥቁሩ ተለይቶ ዓይኔ ላይ ይጮኻል። ይህን የማያይ ሰው አለ? ከዚያ መጋረጃውን ዘጋሁ። ክፍሉ ጨለም ሲል ቀዩ ጠቆረ። አሥረኛው መስመር ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ነበር፣ ሁለት ቀይ የጨመርኩበት። አሁን አራት ጥቁር ነጥብ ሆኖ ተቀምጧል፤ ድሮም አራት የነበረ ይመስላል። የሚታረም ነገር የለበትም።

የቱ ጋ?

ቢሆንም ንፋስ ቀለም ይለይ እንደሆነና እንዳልሆነ የማውቀው ነገር የለም። ማስረጃ የለኝም። ያለ ማስረጃ መጻፍ ልማዴ አይደለም።

ይህንንም ጽፌ አየሁት።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ለአዘጋጇ ደወልኩ። ሌላ ነገር እያወራሁ፣ እንደ ዘበት፣ አባትሽ ሥራው ምን ነበር አልኳት። መጽሐፍ ጠራዥ አለች። የት? ነገረችኝ። የእኛ ማተሚያ ቤት ነው። ከጥራዝ በፊትስ? ለጥቂት ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ንፋስ ይሉኝ ነበር እያለ ዛሬም ይጎርርብናል አለችና ሳቀች።

በር ተንኳኳ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አልተንኳኳም።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

አሥራ ሦስት ቀን ቀረ። መጽሐፉን አልነካሁትም።

የይቅርታ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው አጭር ነበር፤ አጭር መሆኑ ንቀት መሰለኝ። ሁለተኛው ስለ ትምህርት ቤቴ ሆነ። በሦስተኛው «ነገር ግን» የሚለውን አራት ቦታ አገኘሁት። ቀዳድጄ ጣልኩ። ለሥራ አስኪያጁ ያኔ ስጽፍ አንድ ጊዜም አልቀደድኩም።

ብታመምስ? ብታመም መሄድ አይጠበቅብኝም። ሙቀቴን ለካሁ። ደህና ነኝ።

ልጄ ማዕድ ቤት ሆና በስልክ ለሆነ ሰው «መጽሐፉ አይደለም ያስጨነቃት፤ አንድ ሰው ነው» ስትል ሰማሁ። ቀጥላ ደግሞ «አንድ ቀን ተሳስቻለሁ ብትል ቤቱ የሚፈርስ ይመስላታል» አለች። አነጋገሯ ጥሩ ነበር፤ አንድ ቃል አይቀነስም።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ሄድኩ።

በአዘጋጇ ቤት ከኋላ በኩል ለአባቷ አንዲት ክፍል አለችው። ገብቼ ያየሁት መጀመሪያ መስኮቱ ሥር ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ ሙጫ፣ ክር፣ ጀርባቸው የተገነጠለ መጽሐፎች፣ በብረት ማጥበቂያ የተያዙ ሦስት አዲስ የተጠረዙ። እየሠራ ያፏጫል። ፉጨቱን ከበሩ ውጭ ነው ያወቅሁት።

ድሮ አንተ ነበር የምለው። በሩ ላይ ስደርስ የቱን ልበለው ሳልወስን «ደህና ዋላችሁ» አልኩ። ዘወር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ካለ አየ። ጸጉሩ ነጥቷል፤ ዓይኑ ያው ነው። ወንበር አቀረበልኝ።

«ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«አውቃለሁ እትዬ። ሥራ አስኪያጁ ከላይ እስከ ታች አንብቦልኛል። ስርዝ ድልዝ የለበትም ነበር።»

ረቂቁ የማን እንደሆነም ከመጀመሪያው ገጽ አውቆታል። ልጁ ስሜን ከላዩ አንስታዋለች፤ በእጅ የተጻፈ ነውና ያልተነካውን ኅዳግ ግን ልታነሳው አልቻለችም። ታዲያ ለምን አንብበው አስተያየት ሰጡ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። መጀመሪያ ሊመልሰው ነበር። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ራሱን አገኘው፤ እንደገና አነበበው፤ ራሱን እንዲህ በትክክል ተጽፎ ያየ ሰው የለም። ጸሐፊዋ ብቻ የማን ታሪክ እንደሆነ አላወቀችም።

ሁለት ዓመት ጠልቼዎታለሁ አለኝ። ከዚያስ አልኩ። ከዚያማ ደከመኝ አለ። ጥራዝ ለመደ፤ ሥራው በቁጥርና በመዳሰስ ነው፣ እርማት የለበትም። በስምንተኛው ዓመት መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ ሐኪሙ ባለ ነጠብጣብ ክብ ሥዕሎች መጽሐፍ ከፈተለት። በነጠብጣቡ መካከል ቁጥር አለ፣ አንብብ ተባለ። ምንም ቁጥር አልነበረም። አንድ ገጽ ሲገለጥ የለም፣ ሌላ ሲገለጥ የለም።

«ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ» አለኝ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ቸልተኛ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ደብዳቤዎ ጥሩ ነበር፤ እኔንም አሳምኖኛል። የእርስዎን ወረቀት ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ነበር የማነበው። የቱ ጋ ስልዎት የእውነቴን ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይለው የነበረውን ጠየቅሁ። ለምን መጥተው አልነገሩኝም አልኩ።

«ያምኑኝ ነበር?»

አሰብኩበት። እውነቱን መናገር ካለብኝ አሁን ነው አልኩ በልቤ።

«አላምንዎትም ነበር።»

«እኔም እንዲያ ነው የገመትኩት» ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

በድዬዎታለሁ አልኩት፤ ነገር ግን የሚል ቃል አልጨመርኩበትም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ሲግል ተሰማኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ። እሱ አየት አድርጎኝ «ፊትዎ ቀልቶም ከሆነ እኔ ዘንድ አይስጉ፤ አይታየኝም» አለ።

ሳቅሁ። አቅቶኝ ሳቅሁ፤ ዕንባዬ ፈሰሰ። ሽንኩርት እዚህ የለም ብሎ መሐረብ ሰጠኝ። መሐረቡ ቀይ ነበር። አልነገርኩትም።

የደብዳቤውን እርማት ለማተሚያ ቤቱ እጽፋለሁ አልኩት። ለማን አለኝ፤ ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እንግዲያስ ምን ላድርግ አልኩ። ጥቂት አሰበ። ፊደል ለቃሚውን እንዳላሳዝነው፣ ደግሞ መልአክ እንዳላደርገው ለመነኝ። «ጉረኛ ነበርኩ፤ እጄ ፈጣን ነበር፣ ምላሴም። እሱን ይጻፉ። ለዓይኑ አንድ ገጽ ይበቃዋል» አለኝ።

አዘጋጇ ሻይ ይዛ የመጣችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሻይ አንድ ሰዓት እንደማይፈጅ ሁላችንም እናውቃለን።

ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ አላመመኝም። ወይም አላዳመጥኩትም።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ልብስ ሰፊውን አሰናበትኩት። በሦስት ምዕራፍ ውስጥ ተክዞ ከመሄድ በስተቀር የሠራው ነገር አልነበረም። ፊደል ለቃሚው ቦታውን ይዟል። ያፏጫል፣ ይጎርራል፣ የሁለት ሴቶች ልብ ይዞ አንዷን ሳይመርጥ ይከርማል። አንድ አረንጓዴ ካልሲና አንድ ቡናማ ካልሲ አድርጎ ለሥራ አስኪያጁ ሰርግ ሄዶ፣ ሰው ሲያይበት ፋሽን ነው ይላል። ሰው ያምነዋል፤ በሳምንቱ ሁለቱ ጓደኞቹም እንዲያ አድርገው ይመጣሉ። ቀለም አለመለየቱን አንባቢው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ እሱ ራሱ በሚያውቅበት ሰዓት፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ። አልቅሶ አይድንም። ተነስቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መብራቱ ከታች ሲበራ ይሻገራል።

አራሚዋንም አስተካከልኳት። አስቸጋሪው እሷ ናት። ሰይጣን ላደርጋት ሞከርኩ፤ ቀላል ሆነብኝ፤ ቀላል ስለሆነ ሰረዝኩት። ተራ ሴት ናት። ኅዳግ እንዳይቆሽሽ የምትጠነቀቅ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት መንገድ ወዲያ ሄጄ የቀለም ቀቢውን በር አንኳኳሁ። በሩን የከፈተው ራሱ ነው። እኔን ሲያይ ዞር ብሎ «ነጭ አይደለም ባይዋ መጣች» አለ፣ ለሚስቱ። ነጭ ነበር አልኩት። ሚስቱ ሳትስቅ መቆም አልቻለችም።

ልጄ የት ነበርሽ ስትለኝ ነገርኳት። ሾርባውን በሁለት ጭልፋ ጨመረችልኝ።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ከቀትር በኋላ በአራት ነጥብ ዘጋሁት። ሁለት መቶ ሰማንያ ገጽ። እፎይ። እጄ ያበጠ ይመስላል፤ ልቤ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ በደረቴ ውስጥ ቦታውን አገኘ።

ልጄ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የደረጃው ቦታ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ውኃ ጠጣችና ቀጠለች። «ግራጫ» የሚለውን ቃል ስትፈልግ ያገኘችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የድመት ነው። ድመቷ በእርግጥ ግራጫ ናት።

መድኃኒት ቤት የሰማሁት ወሬ ትዝ አለኝ። ልጄ አልጻፈችልኝም፤ ይህ ስህተት ነው። ስለ ዓይን የጻፍኩት ስለ ታመምኩ አይደለም፤ ይህም ስህተት ነው። በቀረው ግን ሴቶቹ በግማሽ ልክ ነበሩ። በቀኝ ዓይኔ ይህን ገጽ ሳነብ መስመሮቹ ከደበዘዙ ከርመዋል። ሐኪሙ ነይ ካለኝ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ፈርቼ ነው።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ከቁርስ በፊት፣ ቆራጥነቴ ሳይበርድ፣ ሐኪም ቤት ደውዬ ለቀኙ ዓይኔ ቀጠሮ መያዝ። ልጄ አጠገቤ ትቁም፤ እንዳልዘጋው።

ከመሳቢያው ቀይ ብዕሮቼን ማውጣት። ዘጠኝ ናቸው። ለልጄ የገበያ ዝርዝር መጻፊያ ይሁኗት። ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ሰማያዊ መግዛት፣ ወፍራሙን።

ረቂቁን ለአዘጋጇ በእጇ መስጠት፤ ሁለተኛ ሻይ ያላቀረብኩላትንም ማንሳት።

ከዚያ በፊት ግን፣ ወደ ቢሮዋ ሳልሄድ፣ በኋላ በር በኩል ወደ ንፋስ ክፍል መግባት። ምዕራፍ ዘጠኝን ዛሬ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬለታለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ እንዲያርመኝ። በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት ኅዳግ ትቼለታለሁ። እዚያ ላይ ይጻፍበት።